የማክሰኞ ማታ ሰዋስው

ግሪምስቢ ወደቡ ዳር፣ ከዓሣው መጋዘን ጀርባ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣ አሥራ አንድ ሆነን ስንገባ፣
ክሎሪን ከአፍንጫችን፣ ቅርፊት ከጥፍራችን ሳይወጣ፣
ትለናለች ሚስስ ትዌይት፣ «ዛሬስ ማነው ግስ ያመጣ?

እንግሊዝኛ ቆጣሪ ነው፤ ወንበር ብትሉ ወይ ድመት፣
‹ኤ› የምትል ኩርማን ፊደል፣ ሳታስቀድሙ አትግቡበት።
‹ኢዝ› የምትሉት ላለ ነው፤ ‹ዎዝ› ደግሞ ለነበረ፤
መሐላቸው አጥር አለ፣ በጊዜ ሽቦ የታጠረ።»

ከሻይ በኋላ ዘይቤ፦

ተነጻጻሪው «እንደ» ይላል፤ ተለዋጩ «እንደ»ን ይበላል፤
ፈሊጡ ዝናብ ሲበረታ፣ ድመትና ውሻ ይጥላል፤
ሰውኛው ደግሞ ለግዑዙ፣ እጅና እግር ይቀጥላል።

ዶሚንጋስ፣ የቲሞሯ ልጅ፣ በመስኮት አሻግራ አይታ፣
«ዛሬ የጣለው ውሻ ነው» አለች፤
ሳቅን፣ ሁላችንም፣ ለአፍታ።

ዳንጉዎሌ ግን አልሳቀች።
ሊትዌኒያዊቷ፣ አጥንት ነቃይዋ፣ ከበሩ ጎን መቀመጫዋ።
እጇን አወጣች። ቃል በቃል፣ እሾህ እንደሚለቅም ሰው፣
«ባሕሩ… ባሌን… ወሰደው።»

«ድንቅ!» አለች ሚስስ ትዌይት። ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፤
«ወሰደው» ከሚለው ሥር፣ ሁለት ጊዜ አሰመረችው፤
«አያችሁ? ባሕር እጅ የለው፤ እሷ ግን እጅ ሰጠችው!
ሰውኛ ማለት ይኸው ነው!»
                    ዳንጉዎሌ ቀና አለች።
«ዘይቤ አይደለም» አለች።
«ፌብሩዋሪ። ሌሊት። መረቡ…»
ግሱ ጠፋባት፤ ተወች።

በማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ፣ ውኃ ሲንቆረቆር ተሰማ።
ኢዮን የብስኩቱን ላስቲክ፣ እንዳይንኮሻኮሽ ጨበጠው።
ሚስስ ትዌይት የማርከሩን ክዳን ጠረጴዛ ሥር ፈለገች፤
ክዳኑ እጇ ላይ ነበር።

በሳምንቱ፣ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ፣
ዳንጉዎሌ የቤት ሥራዋን ገልጣ ጭኔ ላይ አኖረች።
ቀይ እስክሪብቶ እንደ ሽፍታ፣ በገጹ ላይ ወጥቷል፤
«ሺ»ን «ኸር» አድርጎ፣ ነጥብ ዘርቶ፣ ለግሱ ጅራት ቀጥሏል፤
«ማይ ሃዝባንድ ኢዝ ፊሸርማን»፦
እዚህ ሲደርስ ግን ቆሟል።

ከ«ኢዝ» አናት ላይ ነጥብ አለ፣
እስክሪብቶው ቆሞ የቆየበት፣
ወረቀቱን በስቶ ቀለሙ፣ በጀርባ የወጣበት።
ከዚያ አልፋዋለች። «ኢዝ»ን እንደ ተጻፈ ትታ፣
ከ«ፊሸርማን» ፊት ብቻ፣ አንዲት «ኤ» ጣል አድርጋ።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ፣ ቀዩዋን በጣቷ ነክታ።

«አንድ» አልኳት። «አንድ ማለት ናት።»

ደብተሩን አልዘጋችውም።
የምንወርድበት ፌርማታ አለፈን።