ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ

ዝናብ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ፤
በቫልዲቪያ ከተማ ወንዝና ሰማዩ አንድ ግራጫ ሆኑ።
ዓሣ ገበያው ጋ የባህር አንበሶች በደረት ተኝተው
ያዛጋሉ እንጂ ሰማይን አያሙም፤ ያንን ለእኛ ትተው።

የእንጨት ቤት ነው ቤቴ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ከራስ እስከ እግሩ፤
ሲከፋው አስቀድሞ የሚያኮርፈው በሩ።
በመጋቢት ወር፣ በአንድ ጣት ስገፋው እሺ ይል የነበረ፣
ዛሬ ትከሻዬን ጠየቀኝ፤ አብጦ ከጉበኑ ታሰረ።

ጨው በብልቃጡ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ አደረ፤
ክብሪቱ ሦስት ጊዜ በከንቱ ተጫረ፤
ከሞተ ሦስት ዓመት የሆነው የባሌ፣ የሪጎቤርቶ ጫማ
አረንጓዴ ጢም አበቀለ በቁም ሣጥኑ ጨለማ።

ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ ምስክር አይባልም፤
ውሃ እንደ ሌባ በር ሰብሮ አይዘልም።
እያሳሳቀ ነው፣ በትህትና ብዛት፣
በምስማር ቀዳዳ፣ በሳንቃ ስንጥቃት።
ለእሳትስ ተረት አለ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉታል፤
ሳይረጥብስ በምን? ለውሃ ማን ይተርታል?

ሳንቲም ያዝኩ። ቤቱን ዞርኩት፤
እንደ ሐኪም ጣት ደረቱን መታሁት።
ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉኝ ኖሬያለሁ፤
አፍም እንዳለው ግን ዛሬ ሰምቻለሁ፦
ደረቁ ሳንቃማ ኳ ይላል ጮክ ብሎ፤
የረጠበው ድፍ፣ ግማሽ ቃል ተናግሮ፣ ግማሹን በሆዱ አዝሎ።

ኳ፣ ሳሎኑ። ኳ፣ ኳ፣ መተላለፊያው።
ኳ፣ የመኝታ ቤቱ ራስጌ።
ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ፣ ካላንደሩ ላይ፣
ድፍ።

ከመድኃኒት ቤት በነፃ የተሰጠ ካላንደር ነው፤ ዓመቱ ካለፈ ሰባት ዓመቱ፤
ሪጎቤርቶ ነበር የሰቀለው፣ በመዶሻና በእልህ፣ በገዛ እጁ፣ በሌሊቱ።
«አውርደው እንግዲህ!» ስለው፣
«ሥዕሉን ወድጄዋለሁ» ይል ነበር።
ሥዕሉ ፈረስ ነው።
ሪጎቤርቶ ፈረስ ወዶ አያውቅም።

ገለጥኩት።

ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሯል።
ከሥሩ ቡናማ ክብ፣ የሻይ ብርጭቆ ግርጌ የሚያህል፤
ከእሱ ውጪ ሌላ፣ ከዚያም ውጪ ሌላ፣
ጠርዝ ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ የተሰመረ፣
በአናጢ ጽሕፈት ቀኑ የሰፈረ፦

«ሰኔ አራት። ሳንቲም ያህል።»
«ሐምሌ ሃያ። መዳፍ ሞላ።»
«ስንጥቁን በዝፍት ደፈንኩ። ቆሟል።»
«አልቆመም።»

የመጨረሻው ነሐሴ ዘጠኝ ነው፤ እጁ የተንቀጠቀጠ፤
ሆስፒታል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው።
ቃል የለበትም። መስመር ብቻ፣ ግማሽ ላይ የተቆረጠ።

ስንት ጊዜ ሰደብኩት፣ «ቤትህ ቢፈርስ እንኳ አይታይህ!» ብዬ፤
እሱ ለካ ያነብ ነበር፣ እኔ ስተኛ ተነስቶ፣ ከጀርባዬ።
ልቆጣው አማረኝ። ላመሰግነውም አማረኝ።
ሁለቱንም ለፈረሱ ነገርኩት።

የመስኮቱን ደፍ በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤
እንደ ራሰ ዳቦ ገባ።
እርሳሱ እዚያው ነበር፣ ከቢላዎቹ መሳቢያ፣
ጫፉ በጥርስ የተበላ።
ከእሱ መስመር አራት ጣት ወጣ ብዬ አዲሱን ጠርዝ ከበብኩ፤
«ሰኔ ሃያ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ፤ «ኔልዳ አይታለች» ጨመርኩ።

ካላንደሩን አልመለስኩም።
ፈረሱ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሏል፣ እስኪደርቅ።

ጎረቤቴ ዶን ኤውላሊዮ መሰላል አለው። በሩን አንኳኳሁ።
ጣሪያዬን በአጥሩ በላይ አየና፣
«ዝናቡ ጋብ ሲል እመጣለሁ» አለኝ።
«ጋብ ካለማ» አልኩት፣
«ቀዳዳው በምን ይታየናል?»