ሦስት እንክብል

ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ሱቁን ልዘጋ ስል ማታ፣
ሌስተር ዮስት ገባ፣ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ በእርጋታ።
«የባልጩቱ ወር ገባ» አለኝ። አውቃለሁ፤ ኩደርስፖርት ሁሉ ያውቃል፤
ሕጉ ሌላውን ጠመንጃ ሁሉ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሳል፤
ድንጋይ ከብረት ተፋጭቶ እሳት የሚወልደው ብቻ
ጫካ ይገባል በጥር ብርድ፣ ሽማግሌና ነፍጥ፣ አቻ ላቻ።

እጁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ቅጠል ግን አይደለም፤
ሞተሩ ሳይጠፋ እንደ ቆመ መኪና ነው፤ አያርፍም፣ አይሄድም።
«ባሩድ መስፈር አቃተኝ» አለ፤ «ግማሹን ለነፋስ ነው የምሰፍረው፤
ያንን ተጠፍጥፎ የደረቀውን ስጠኝ፣ በጣት የሚቆጠረው።»

እንክብል ነው፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የመድኃኒት ታናሽ ወንድም፤
ሁለት ሦስቱን አፈሙዙን ታጎርሰዋለህ፤ መስፈሪያ የለም፣ መድፋት የለም።
ከካርቶኑ ጎን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ ለባልጩት አይሆንም።
አንብቤዋለሁ። ሸጥኩለት።
ሱቁ ሊዘጋ ነበር፤ ሌላም ሰበብ አላጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን እንዳየ ሰው አየዋለሁ፦
አጋዘኗ በሠላሳ እርምጃ የወደቀ ፍሬ በሰኮናዋ ትጭራለች፤
ምላጩን ሳበ። ባልጩቱ ብረቱን ፋቀ። ብልጭታ እንደ ዶሮ ጥሬ ተበተነች።
በሳሕኗ ያለው፣ ካባቱ ቀንድ የተረፈው ደቃቅ፣ ቦግ ብሎ ዐይኑን ሸፈነው፤
ከዚያ ምንም። የጠመንጃው ጆሮ ሰማ፤
አፉ ግን የሚናገረው ጠፋው።

ቀና አለች። እንደ ጎረቤት አየችው፣ ጥቂት ታዝባ፤
አቀረቀረች ደግሞ፣ ጭሱ በጥዶቹ መሃል ተጎትቶ ሲገባ።
ሁለተኛ ፋቀ፣ ሦስተኛ። ሦስት ጊዜ ቦግ፣ ሦስት ጊዜ እልም።
እሳት አመድ ይወልዳል ይላሉ የእኔ ሰዎች፤
ይሄኛው አመድ እንኳ አልወለደም።

ብትን ባሩድ እንደ ወሬ ነው፤ አንዷ ቅንጣት ለጎረቤቷ ስትነግራት፣
ዐይን ሳይጨፈን መንደሩ ሰምቶ ባንድ ላይ ይነሣል፣ ይሆናል እሳት።
እንክብል ግን ግንባሩ የተጠረቀመ፣ ልቡ የራቀ ዕቃ፤
ከኋላው በትልቅ እሳት ካልገፈተሩት፣ በሹክሹክታ የማይነቃ።

በሳምንቱ መጣ። ገንዘቤን አላለም።
በጠምዛዛ ሽቦ ጎርጉሮ ያወጣውን ፍርክስካሽ ባንኮኒው ላይ ደረደረ፤
ካጠገቡም የራሱን መድኃኒት አኖረ፣ በሰባት ክዳን ለሰባት ቀን የተቀመረ።
«እኔና እነዚህ አንድ ነን» አለ፤ «ቆጥረው ያጎርሱናል፣ አንነሣም» አለና ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም። «አንብቤው ነበር» አልኩት።
ባልጩቱን ከኪሱ አወጣ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
ብዙ ቆይቶ፣ «እኔም መነጽሬን አላደረግሁም ነበር» ብሎ መለሰ።

ጋልተን ድረስ ነዳሁ፤ እውነተኛውን ባሩድ ገዛሁ፣ ድኝ ድኝ የሚለውን።
ማታ ማታ ከምድጃው ርቄ፣ በነሐስ መስፈሪያ፣ ትንፋሼን ይዤ፣
የሌስተርን አሮጌ የመድኃኒት ሣጥን ሞላሁት፦
ሰኞን ሰባ ግሬን፣ ማክሰኞን ሰባ፣
እሑድ ድረስ፣ ክዳን በክዳን፣ ሳላጎድል፣ ሳላበዛ።

የአደኑ ወቅት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አብሬው ወጣሁ።
ሰኞን ከፈተ። በአፈሙዙ ሲገለብጥ
እጁ እንደ ልማዱ ነው፤ ቢሆንም ቅንጣት ሳያመልጥ
ገባ፤ እርሳሱም በጨርቁ ተጠቅልሎ ተከተለ።
ሳሕኗን ዘጋ፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ ጣለ፤

ሰኞ ጮኸ።

ሸለቆው መልሶ ጮኸ። ጭሱ ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቶሎ አይሄድም፤
የጥድ ጉቶ ቆሰለ። አጋዘኗ በዚያ አልነበረችም፤
ሌስተርም አልፈለጋትም።
ማክሰኞን ተኮሰ፣ ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ጢሙ እየጠቆረ፤
ዐርብና ቅዳሜን ለኔ ሰጠኝ፤ ትከሻዬ እስካሁን ያስታውሳል።

እሑድን ግን ክዳኗን ጫን አድርጎ አየና
ወደ ደረት ኪሱ መለሳት።
«ይቺ ትቆይ» አለ።