በሩ ላይ ያለው ሒሳብ

ሞርዌና አዋላጅ ነበረች፣ ጡረታ እስክትወጣ፤
ሠላሳ አራት ዓመት በኮርንዎል ጭጋግ ስትወርድ ስትወጣ፣
ጨቅላ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሚዛን መንጠቆ ሰቅላ፣
ስም ሳይወጣለት በፊት ግራሙን የጻፈች ቸኩላ።

አሁን ጋራዧ ውስጥ መኪና ታዋልዳለች፤
በሰባት ሣጥን የመጣ፣ ቁርጥራጩን ትገጥማለች።
ሻንሲው ቀጭን ቱቦ፣ የወፍ አጥንት መሳይ፣
በር የለው፣ ጣሪያ የለው፣ ጣሪያው ያው ሰማይ፣
ከዝናብ በቀር የማያውቅ ሌላ ሲሳይ።

የሰው ሚዛን አምጥታ ከመታጠቢያ ቤት
ሁሉን መዘነችበት።
መሪውን፣ ቸርኬውን፣ የፊት መብራቱን ሳይቀር
በእርሳስ ደረደረች በጋራዡ በር።
የጎን ወንበር ስምንት ኪሎ? ስፖንጁን ቀደደች፣
ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣ ድምሩን ቀነሰች።

መሬት ላይ ተኝተዋል ሁለት ሞተሮች፣
አንዱ በብርድ ልብስ፣ አንዱ በአሮጌ ጋዜጦች።
ትንሹ ሺህ ሦስት መቶ፣ ከቄስ መኪና የወጣ፣
ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ደርሶ ያልመጣ፤
ትልቁ ሁለት ሊትር፣ ደረቱ የሰፋ፣
ጆሪ ነው ያመጣው በጋሪ እየገፋ፤
ጆሪ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ጎረቤቷ፣
እጁ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣ ሳይጠራ የሚገባ ከቤቷ።

«ትንሹን ጫኚና አቀበቱን ሞክሪ!»
አለ የብረቱን ደረት እየደበደበ ጆሪ፤
«በሁለተኛ ማርሽ ትንፋሹ ቁርጥ ሲል
ላም ከኋላ መጥታ ‹አሳልፉኝ› ትል።»

«መቶ ግራም ታውቃለህ?» አለች ቀና ብላ፣
«ሲጎድል እናቱ ታድራለች እህል ሳትበላ፤
በሳምንቱ ሲሞላ ጎረቤት ይጠራል።
ለአንተ ሃምሳ ኪሎ እንደ ዋዛ ይቆጠራል።
አፍንጫው ላይ ጫናት፣ ኩርባው ላይ ታያለህ፤
መሪ ወዲህ ስትል፣ ወዲያ ትሄዳለህ።»

መንገዱስ የታለ? ግራና ቀኝ የድንጋይ ካብ፣
ሁለት መኪና ቢገናኝ አንዱ ወደ ኋላ የሚሳብ።
መቶ ሃምሳ ፈረስ ጉልበት፣ ለየትኛው ሜዳ?
ከመታጠፊያው ኋላ የበግ መንጋ፣ ያልተጠራ እንግዳ።

ጣቷን በመስኮት ቀሰረች፣ ወደ ኮረብታው ራስ፤
ፍርስራሽ የሞተር ቤት፣ ጭስ ማውጫው ቆሞ ያለ ጭስ፣
ድሮ ከቆርቆሮ ጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ የኖረ፣
የጆሪም ቅድመ አያት ከሥሩ የቆፈረ፣
ሲሊንደሩ ሰው የሚያስቆም። «ትልቅስ ያ ነበር፤
ዛሬ የቁራ ቤት ነው። ትልቅነት ይቅር።»

ጆሪ ዝም አለ። በሩን ማንበብ ጀመረ፣
በጥቁር ጥፍሩ መስመር መስመሩን እየቆጠረ።
ባትሪ። ራዲያተር። ቤንዚን፣ ግማሽ ታንክ።
ነጂ፣ ስልሳ አንድ።
ከዚያ ድምር።

«የጎን ወንበር ገጥመሻል» አለ፣ «ሰውየውስ?»

እርሳሷ አየር ላይ ቀረ።
ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ አልጋ ሁለት ነፍስ ስትቆጥር የኖረች፣
የራሷን መኪና ለአንድ ሰው ደምራ ዘጋች።

ጆሪ ሳይጠየቅ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዘጠና አራት።
«ቦቲህን አውልቅ።»
ዘጠና ሁለት ተኩል።
«ሱሪዬ ግን አይወልቅም» አለ፤ ጆሮው ቀላ።
ጻፈችው። ድምሩ አበጠ።
ጆሪ ሁለት ሊትሩን አየና ፈገግ አለ፣
በሒሳብ የረታ መስሎት።

እሷ ግን ብርድ ልብሱን ከትንሹ ላይ ገፈፈች።
«ሰንሰለቱን አምጣ» አለች። «ለሁለት ሰው አቀበቱ ይረዝማል፤
ይርዘም። ላሟም ትለፈን፣
ሰላም ብለናት እንወጣለን።»

ሞተሩ ከመንጠቆው ተሰቅሎ ቀስ ብሎ ዞረ፤
እሷም ከሥሩ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ እንደ ልማዷ።

ጆሪ ከሄደ በኋላ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ብላ
ስፖንጁን አወጣች፣ አቧራውን አራገፈች፣
የድሮውን የጨቅላ ሚዛን ከምስማሩ አወረደች።
አራት መቶ ግራም።
በሩ ላይ ጻፈችው።