ውሃ አታድርግበት

እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣
የተሰቀለውን ልጅ እንግዳ ሁሉ ሲያይ
አንድ ነገር ይላል።
«ዓይኑ ሰው ይከተላል።»
«አኩርፏል።» «የለም፣ አስነጥሶት ቀርቶ ነው።»
ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ አቶ ዱካሌ፣ መነጽር አውልቀው
«ይሄ ልጅ» ይላሉ፣ «ሊናገር ነው፤
ከንፈሩን ተመልከቱ፣ ቃል ይዞ ነው የቀረው።»

የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የገባው ልጅ ግን
ሥዕሉን አየና፣ ዞሮ እኔን አየና
«አንተ ነህ?» አለኝ።
«ነኝ» አልኩት። ዋሸሁት? እስካሁን አልገባኝ።

ፊቱ የኔ ነው።
ሹራቡ የላንቃሞ ነው።

ወንድሜ ሰባት ዓመት ኖሮ
አንድም ካሜራ ፊት አልቆመ።
ሐይቁ በወሰደው፣ ድንኳኑ በፈረሰ በሳምንቱ፣
እናቴ እጄን ይዛ፣ በአሞራ ገደል መንገድ፣
ለጸጉር ቤቶች ግድግዳ ራስ ብቻ የሚስል፣
«ጎሚስታ» ሲጽፍ የሚውል
ሃሜሶ የሚባል ሰው ዘንድ ወሰደችኝ።

ጄሪካን ላይ አስቀመጠኝ።
ሹራቡ ይጠበኛል፣ አንገቴን ይበላል፣
ክሩ ገና እሱን እሱን ይሸታል።
አንድ አባ ኮዳ በሩ ላይ ቆሞ
እንደ ዳኛ ያየናል።

«አፍንጫው?»
«እንደዚህኛው።»
«ጆሮው?»
«ትንሽ ገባ ይበል።»
«ሳቁስ?»

እናቴ ዝም አለች።
እኔ ልስቅለት ሞከርኩ፤ ከንፈሬ ግማሽ ሄዶ ቆመ፣
ሃሜሶም ያንኑ ግማሹን አተመ።
አቶ ዱካሌ «ቃል» የሚሉት
ይሄንን ነው።

ከኋላዬ ሰማያዊ ጀምሮ ነበር፣ ከጀልባ ቀለም የተረፈ።
ብሩሹ ትከሻዬን ይዞ፣ ወደ ጆሮዬ እያለፈ
ሳለ፣ እናቴ ከደጅ ጮኸች፤
«ውሃ አታድርግበት!»
እጁ አየር ላይ ቀረ። ሌላ ጣሳ ከፈተ፣
ከሆነ ሆቴል ታፔላ የተራረፈ ቢጫ ደፋበት።

ሠላሳ አንድ ዓመት።
እኔ ሸበትኩ፣ ሁለት መንጋጋ አስነቀልኩ፣
እሱ እዚያው ሰባቱ ላይ፣ በኔ ፊት።
ጢሜን ስላጭ አንዳንዴ፣ ከመስታወቱ ጋር ስንፋጠጥ፣
ማን ለማን እንደተቀመጠ ይጠፋኛል።

ዘንድሮ ቢጫው ተላላጠ።
መጀመሪያ ከጆሮው በላይ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ወጣች፤
በሰኔ ጣት አከለች፤
አሁን ትከሻው ጋ ደርሳለች።
እንግዶች አላስተዋሉም። እነሱ ዓይኑ ላይ ናቸው።

ቅዳሜ ከገበያ ቢጫ ይዤ መጣሁ፣ ትንሽ ጣሳ፣ ከነብሩሹ።
እናቴ ተቀበለችኝና
ክዳኑን ሳትከፍት ወደ አልጋ ሥር ገፋችው።
ወንበር ስባ ወጣችበት፤ በዚህ ጉልበቷ፤
«ኧረ ትወድቂያለሽ!» ብላት አልሰማችኝም።
ሰማያዊውን በሌባ ጣቷ ነካችው፣
ጣቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ
አገላብጣ አየችው።

«ተወው» አለች፣
«ደርቋል።»