የማይታይ እሳት

የፖስታ ቤት ቫን ነው፣ ጡረታ የወጣ፣
ከነቢጫ ቀለሙ ግቢያችን የመጣ።
ቬይኮም እንደ እሱው ነው፤ ካቻምና መስከረም
ከባቡር ሥራው ወጥቶ፣ ቤት መዋል አልቻለም።

አልጋ ሠራ፣ መሳቢያ ሠራ፣ የመብራቱን ሽቦ ዘረጋ፤
አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ብርዱን ችሎ የሚያሻግረን እስኪነጋ።

በእኛ አገር በኬሚያርቪ፣ ጥር ማለት ጥርስ ነው፤
ብረት በባዶ እጅ ከነኩ፣ ቆዳው የብረቱ ነው።

እሱን የእንጨት ምድጃ አማረው፤ ትንሽዬ፣ ባለ መስታወት በር፤
«እሳት ሲታይ ነው እሳት፤ ሌላው ወሬ ነው» ይላል ሲከራከር።
እኔ ሜትር ይዤ ገባሁ፤ ከአልጋው እስከ ምድጃው ሁለት ስንዝር ተኩል።
«ብርድ ልብሱ ቢንሸራተት ማን ይነቃል?» ብለው፣
«እኔ» አለ፤ ቤት ቢፈርስ የማይሰማ ባል።
ከራስጌ ወይስ ከግርጌ? እንጨቱስ የት ሊያድር ነው?
እኛን በረዶ ላይ አውጥተህ፣ እሱን አልጋ ላይ ልትል ነው?

ከዚያ ጋዝ መጣ። የወንድሜ ልጅ ካሌቪ፣ ሲሊንደሩን እንደ ሙሽራ አቅፎ፣
«ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው» አለን፣ በቅቤ ምላሱ አትረፍርፎ።
«ብርዱ ሲጠና ጋዙ ራሱ ጠርሙሱ ውስጥ ይተኛል አሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ፕሮፔኑን ነዋ መግዛት!» አለ፤ ዋጋውን ግን ሹክ አለ፣ ግድግዳ እንኳ እንዳይሰማው።
እሱን የሚሞላ ሱቅ ደግሞ ወደ ሰሜን ሲሄዱ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤
መንገድ ላይ ቢያልቅብንስ፣ ካሌቪ መጥቶ ያቅፈናል?

ናፍጣው ቀረ። ትንሽ ሳጥን፤ ከመኪናው ታንከር ጠብታ በጠብታ የሚጠጣ፤
አየሩን ከውጭ ስቦ፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ።
ፓምፑ ግን ጠክ… ጠክ… ሌሊቱን ሙሉ እንደ አበዳሪ በር ይመታል፤
ባትሪው የደከመ ዕለት ደግሞ፣ ንጋት ላይ ይከዳል።
ቬይኮ ጠላው። «ይሄ እሳት ነው? ይሄማ የቢሮ ጸሐፊ ነው» አለ፤
ሦስት ሳምንት ተኮራረፍን፤ ካታሎጉ ጠረጴዛው ላይ እየተጣጠፈ ዋለ።

አንድ ማታ፣ ሳልጠይቀው፣ ሹራቡን እያወለቀ፣
የአርማስን ነገር አነሣ፤ የታላቁን። ስሙ ከቤታችን ከራቀ
አርባ አራት ዓመቱ።

ዓሣ ሊያጠምድ በረዶ በለበሰ ሐይቅ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከከሰል ማንደጃው ጋር አደረ፤
በነጋታው ያገኘው ቬይኮ ነው፤ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረ።
«ሞቆት ነበር» አለኝ። «ፊቱ ቀልቶ፣ ጫማውን አውልቆ፤
ማንም ቢያየው ተኛ ይላል፣ ከድካሙ ተላቅቆ።»
«ታዲያ ምድጃውን ለምን ፈለግኸው?» አልሁ፣ ድምፄ ተቆርጦ።
«ልጠብቀው። እሳት ያየኸው ዕለት አይገድልህም፤
የሚገድለው ተደብቆ ነው፣ አድፍጦ።»

ምንም አላልሁ። በነጋታው ሮቫኒዬሚ ወርጄ የናፍጣውን ሳጥን ገዛሁ፤
ከጎኑም፣ ማንም ሳይለኝ፣ ሁለት የመርዝ ጭስ ማንቂያ ያዝሁ።
አንዱን ከራስጌው ሰቀልሁት፣ አንዱን ከበሩ አጠገብ።
ወለሉን የበሳው ግን እሱ ነው፤ ቱቦውንም ሦስቴ ለካ፣ ያለ ንግግር፣ በቀስታ፣ በአደብ።

ፈተናው እዚሁ ግቢያችን ነበር፤ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት።
ጎረቤታችን አይኖ በመስኮት አየን፤
«ቤት እያላቸው…» ብሎ ይሆናል፣ ምናልባት።
ማሞቂያው አጉረመረመ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ ትንፋሹ ሞቀ፤
መስታወቱ ላይ የጋገረው አመዳይ ረጠበ፣ ላላ፣ ወደቀ።

ጠክ…
ጠክ…
ጠክ…

እኔ ዓይኔን አልከደንሁም፤ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ሚስማር ይተክላል።
ወደ እሱ ብዞር፣ ሰውዬው ተኝቷል! ያንኮራፋል!
ጣቱ ግን፣ በእንቅልፉ፣ ፍራሹን ጠክ ጠክ ያደርጋል፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደውን የሐዲድ መገጣጠሚያ ይቆጥራል።

ጠዋት «እንዴት ነበር?» ብለው፣ «ጫጫታ ነው፤ አልተኛሁም ለአፍታ» አለኝ።
«እውነትህን ነው» አልሁት፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ ሳቅ እየተናነቀኝ።
ከዚያ የበረዶ ጎማ መምረጥ ጀመርን። ባለ ሚስማር ይሁን ያለ ሚስማር?
እሱም ገና ሦስት ሳምንት ያስኮርፈናል፣ ሲያጥር።