ሰማንያ ሰባት ደረጃ

አሳንሰሩ የቆመ ዕለት መዝገቤ ላይ ጻፍኩት፤
«አይሠራም» አልኩና ቀን ሰጥቼ ፈረምኩት።
በማግስቱም «አይሠራም»። በሳምንቱም ያው።
ከዋናው ቢሮ መልሱ፦ «መካኒክ ይመጣል፣ ጠብቀው።»
ጠበቅኩት።

የኛ ጣቢያ ጉድጓድ ነው፤ ናፖሊ ከላይ ትንጫጫለች፣
በቢጫ ድንጋይ ሆዷ የባቡሩን ድምፅ ታዳምጣለች።
መሐል ላይ ደረጃ አለ። ሰማንያ ሰባት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፤
ጉልበቴ ግን «መቶ» ይላል፤ እሱንም አምነዋለሁ።

ዶን ኤርሚኒዮ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ይኖራል፤
ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት ይሄዳል።
ስኳር አንድ እግሩን ወስዶ ምላሱን ትቶለታል።

በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣
በተሽከርካሪ ወንበሩ ከደረጃው አፋፍ ላይ
ቆሞ (ተቀምጦ ማለቴ ነው) ቁልቁል ሲያይ፣
ዓሣ ሻጯ ኑንዚያ ሳጥኗን አወረደችና
«ምን ይገትርሃል እዚህ?» ብላ፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና
የግራውን ጎማ ያዘች።
ከኋላዋ ሱሚት ነበር፣ ከስሪላንካ የመጣው፣
የሰው ቤት ወለል ሊወለውል ሲሮጥ ባቡር የሚያመልጠው፤
አንድ ቃል ሳይናገር በቀኝ በኩል አነሣው።
ተማሪዋ ፋብሪዚያ ቦርሳዋን በጥርሷ ነክሳ
የእግር መርገጫውን ያዘች፣ ከወገቧ ጎንብሳ።
አስካኒዮ ከዳቦ ቤት፣ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣
ሰማንያ ሰባቱን ወጥቶ አልጋው ጋ ሊደርስ፣
እንቅልፉን ትቶ ፊቱን አዞረ፤
ዱቄቱ ገና ቅንድቡ ላይ።

እኔስ?
ከመስተዋቱ ጀርባ ነኝ። ደንቡ ግልጽ ነው፦
ሠራተኛ መንገደኛ አይሸከምም፤ ቢወድቅ ዕዳው የማን ነው?
መስኮቴን ከፈት አድርጌ ደረጃ ቆጠርኩላቸው፤
ድርሻዬ ይኸው ነበር። «አሥራ ስድስት... አሥራ ሰባት... ቀስ በሉ!» አልኳቸው።

አርባኛው ላይ ያርፋሉ። ወሬው ያለው እዚያ ነው፦
የዓሣ ዋጋ፣ የፋብሪዚያ ፈተና፣
ጥርስ ያበቀለችው፣ ገና ያላቀፋት የሱሚት ልጅ።
ጣልያንኛም የለመደው እዚያው ነው፤ ስድቡን አስቀድሞ።
ሽማግሌው ላባቸውን እያየ ይስቃል፦
«ሳልጸድቅ አነገሣችሁኝ! ቅዱሳኑ ምን ይሉኛል?»

አምስት ወር። ስም ዝርዝር የለም፤ ቀጠሮ የያዘም የለም።
ኑንዚያ ስትታመም ባሏ መጣ፤ ሱሚት ልጁን ሊያይ ሲሄድ
ስሙን የማላውቀው አንድ ፖስተኛ ተተካ፤ ጎማው ባዶ አልዋለም።
እኔ ግን በየማታው «አይሠራም» እጽፋለሁ፤
ጠዋት ጠዋት ሲሠራ አያለሁ።

በሚያዝያ መካኒኩ መጣ፣ ማስቲካ እያኘከ፤
በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ከጣቴ የቀጠነች አንዲት ሽቦ ተካ።

ማክሰኞ፣ ለአንድ ሩብ ጉዳይ፣ አራቱም መጡ።
በሩ ተከፈተ፣ መብራቱ በራ።
ዶን ኤርሚኒዮ አሳንሰሩን አየ፣ እነሱን አየ፤
ምላሱ ያን ቀን ብቻ ከዳው።
ገባ። በሩ ተዘጋ።

ለአንድ ሰው ሸክም የሆነ ለብዙው ጌጥ ነው ይባላል፤
ጌጡን ያወለቁበት ሰው ታዲያ እጁን የት ያደርጋል?
ኑንዚያ ሽርጧን ይዛ ቆመች። ሱሚት መዳፉን አየ።
ከዚያ በባዶ እጃቸው ቁልቁል ጀመሩ፣ ጎን ለጎን፣
መሐላቸው የወንበር ስፋት ትተው፤
እኔም በልማድ፣ አንድ... ሁለት... ሦስት...
አርባኛው ላይ ቆሙ።
ለምን እንደሆነ ማንም አልተናገረ።

መዝገቡን ገለጥኩ። «ይሠራል» ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ
ከጉድጓዱ ግርጌ አንድ ድምፅ ተነሣ፦
«ምን ይገትራችኋል እዚያ?
ውረዱ እንጂ! ባቡሩን በአንድ እግሬ ላቁመው እንዴ?»