የድንበር ወንበር

ከሰኞ እስከ ዓርብ መዝገብ ቤት ነኝ እኔ፣
አቧራ ሲቆጥር የደከመ ዓይኔ፤
ቡሬ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ከጀርባ፣ ከጠባቧ ክፍል፣
ክስ በሚያድርባት፣ ቂም በሚፈለፈል፤
ዳኛው ወንበር ላይ፣ እኔ ወንበር ሥር፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋይል በክር ሳስር።

ቅዳሜ ግን የኔ ናት።
ምሳሬን እስላለሁ፣ መሮዬን እሞርዳለሁ፣
ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከእንጨት እማከራለሁ።
ማንም አላስተማረኝ። እጄን ነው የከሰስኩት፣
አውራ ጣቴን ነው በመዶሻ የቀጣሁት።
የመጀመሪያው ዱካ ሦስት እግር ነበረው፦
አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም፣ አንዱ ያልጨረስኩት፤
ዛሬ ዶሮ ያድርበታል፣ ለሰው ስላልሰጠሁት።

«ተሽጦ አይበላ፣ ምን ይሠራልሃል?» ትላለች ደብሬ፣
ሰጋቱራ እየለቀመች ከጠጉሬ።
ምን ልበላት? መዝገብ አያልቅም፤
ይግባኝ ይወልዳል፣ ይግባኙ ሰበር ይወልዳል፣
ሰበሩ ዞሮ ዞሮ እኔው መደርደሪያ ላይ ያድራል።
ወንበር ግን ያልቃል።
ሥራው ይቆማል፤ ሰው ይቀመጣል።

አንድ ዋንዛ ነበር፣ በይርሳውና በወይዘሮ አንጓች መካከል፣
ጠዋት ጥላው ለሷ፣ ከሰዓት ለሱ የሚከፈል።
ድንበሩ ከዋንዛው ወዲህ ነው? ወይስ ወዲያ?
ስድስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው መከራከሪያ፤
ገመድ ተጣለ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ተነሣ፣
ስሙ ይርሳው ይባል እንጂ ይርሳው አንድ ቀን አልረሳ።
ወይዘሮ አንጓችም ቀጠሮ እንደ ጾም ነው የምታከብር፣
ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ማልዳ፣ ከችሎቱ በር።
በመጨረሻ ዛፉ ራሱ «አይነካ» ተብሎ ታገደ፤
በሐምሌ አንድ ሌሊት ነፋስ መጣና
እግዱን ሳያነብ ገንድሶት ሄደ።

ሥሩ ወደሷ፣ ጫፉ ወደሱ ተጋድሞ አደረ።
መዝገቡ ተዘጋ፤
ክሱ የቆመው በቆመ ዛፍ ነበረ።

እኔ ገዛሁት። ግማሽ ዋጋ ለሷ፣ ግማሹን ለሱ፣
ግንዱን ዞሬ ነው የከፈልኩ፤ አይተያዩም እነሱ።
በፈረስ ጋሪ አምጥቼ ዓመት ከጥላ አኖርኩት፤
እርጥብ እንጨት እንደ ተገዛ ምስክር ነው፣ ሲያድር ይጣመማል፣
ዛሬ ከቆመበት ነገ የት ይገኛል?

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣
መጋዙን ስስብ፣ እግሬን አራርቄ ቆሜ፣
ክርር አለ። ጥርሱ ተሰበረ።
ከግንዱ ሆድ ውስጥ ብረት ነበረ፤
ሚስማር፣ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ የድሮ አጥር፣
ዋንዛው ውጦት የኖረ፣ በቀለበት ላይ ቀለበት፣ ያባት ምስጢር።
የሽቦውን ዝንባሌ ያየ ሰው፣ አጥሩ ባለፈበት፣
ዛፉ የማን እንደነበር ያውቃል፤ አያሻውም ፍርድ ቤት።

እኔም አወቅሁ። የማን እንደሆነ አልነግራችሁም።
አዲስ ማስረጃ ተገኘ ሲባል
የተዘጋ መዝገብ እንደ ቁስል ሲከፈት አይቻለሁ፤
ሽታውን አውቀዋለሁ።
ጉጠቴን አነሣሁ። አስቀመጥኩ። ደግሞ አነሣሁ።
ደብሬ ለምሳ ጠራችኝ፤ አልሰማሁም።
ሽቦውን ቆረጥኩ። ሚስማሩን ተውኩት፣
ከመቀመጫው ሥር፣ ዓይን ከማይደርስበት አስቀረሁት።

አግዳሚ ወጣው፤ ልጡ ባንድ ጎን ያልተላጠ፣
ጉጡ እንደ ዓይን የፈጠጠ፣
ትንሽ ያነክሳል ወደ ግራ በኩል፤
ድንበር ሆኖ የኖረ
ወንበር ሲሆን እንዴት ቀጥ ይበል?

ባለፈው ቅዳሜ ይርሳው መጣ፣ ለሌላ ጉዳይ፣
ለልጁ ማመልከቻ ላጽፍ ብሎ፣ አንዳንድ ነገር ላማክር፣ ላይ።
ተቀመጠ፤ ከመሐል አይደለም፣ ከዳር፣
ሌላ ሰው እንደሚጠብቅ ነገር።
በመዳፉ ዳበሰው።
«ዋንዛ ነው?»
«ዋንዛ ነው።»
«የኛው?»
የኛ ሲል ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጣቶቹ በጠርዙ ወረዱ፣ ወደ ሥር ገቡ፣
እዚያው ቆሙ።
እኔ መላጊያዬን አነሣሁ፣
የሚላግ ሳይኖር።